ዝቅ ያለው መንገድ

ከሱክ ጠጠር ዳርቻ፣ ባሕር ከተፋው ግንድ ጎን፣
ሠላሳ ስምንት ሰርፍስኪ፤ የእኔው ቁጥር አርባ አንድ ሲሆን
(ሦስቱ ቀርተዋል፤ ወይ ፈርተው፣ ወይ አውቀው ይሆን?)
ነፋሱ ከምዕራብ መጣ፣ ቀጠሮ እንደሚያከብር ሰው፤
ቀትር ላይ ያንሾካሾከውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፎከረው።

የኔዋ ጠባብ ናት፣ ከዳሌዬ አትሰፋም፤
ስድስት ሜትር ትረዝማለች፣ ግን ቆሞ መዋል አትችልም።
በረጋ ውሃ ላይ ትንገዳገዳለች፣
እንደ ሰጋር በቅሎ ስትሮጥ ትረጋለች።

ከጎኔ ዊኒፍሬድ አለች፤ ዓመቷ ስድሳ አራት፣
ዕድሜዋን ግንድ የጎተተች በጎታች ጀልባ፣ በቀንም በሌት፤
ጡረታ ስትወጣ ከብረት ወደ ላባ ተሻገረች።
ጓንቷን በጥርሷ ጠበቅ አርጋ እንዲህ ስትል መከረች፦

«ስማ፣ ከፊትህ ያለውን ኮረብታ አትግፋ፤
ብትገፋው አይሄድም፣ ጉልበትህ ነው የሚጠፋ።
ዓይንህ ዝቅታ ይፈልግ። ጉድጓዱ ወዴት ነው? ግራ? ቀኝ?
አፍንጫዋን እዚያ ክተት። የቀረው የማዕበሉ ነው» አለችኝ።

ጡሩምባው ጮኸ።

የመጀመሪያው ሞገድ መጥቶ ማጅራቴን አሸተተኝ፤
ሦስት ጊዜ ጠብቄ ቀዘፍኩ፣ አራተኛውን አላስጨረሰኝ፣
አነሳኝ።

መቅዘፊያዬ ጭኔ ላይ ተጋደመ፣
ታንኳዋ ቁልቁል ወረደች፣ ውሃው በግራ ቀኝ እየተመመ፣
ያ ድምፅ! አዲስ አቡጀዲ በሁለት እጅ ሲቀደድ።
ሰዓቴ ላይ ቁጥሩ አሥራ ስምንት አለ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ፤
ከዚያ ማንበብ ተውኩ።

በግራዬ ጥቁር ዓለት፣ ጭጋግ የጠጣ ጥድ፤
በቀኜ የአሜሪካ ተራራ፣ በሐምሌም በረዶ የሚያነድ።
ነፋስና ነፍስ ፊደል እንዴት እንደሚካፈሉ
እዚያ ነው የገባኝ፣ ሁለቱም እኔን ትተው ፊት ፊት ሲሉ።

ሬስ ሮክስ ስንደርስ ግን፣
ጥቁርና ነጭ ቀለበት የለበሰው የመብራት ማማ ሲታይ፣
ብልጠት አማረኝ።
ዊኒፍሬድ ወደ ሰፊው ወጣች። እኔ ወደ ውስጥ ታጠፍኩ፣
ትንሽ መንገድ ልቆጥብ።

ሙላቱ አልቆ ነበር። ሽሽቱ ጀምሯል።
ነፋስ ወደ ምሥራቅ፣ ውሃ ወደ ምዕራብ፣
ሁለት ግትር ሰዎች በአንድ የእንጨት ድልድይ።
ሞገዱ መሄዱን ትቶ ባለበት ቆመ።
ጉድጓድ ነበር፣ አዎ፣ ብዙ ጉድጓድ፣
መውጫ ያለው አንድም የለ።

ስወድቅ አላየሁም።
ቅዝቃዜው ደረቴን ረገጠው፣ ትንፋሼ የት እንደገባ እንጃ።
የእግሬ ገመድ ተወጠረ፤
ከእርካቡ እንደተንጠለጠለ ፈረሰኛ ተጎተትኩ።
የባሕር አንበሶቹ ከዓለቱ ላይ አጓሩ፤
ሳቅ ይሁን ስድብ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።
ሆዴን አስቀደምኩ፣ ከዚያ ቂጤን፣ ከዚያ አንድ እግር።
ወደቅሁ።
እንደገና።
በሦስተኛው ተቀመጥኩ፣ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ።

ያኔ፣ ሩቅ፣ ከአንድ ሞገድ ራስ ላይ፣
መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ቆመ።
ጥያቄ ነበር።
የእኔን አቆምኩ።
ለአንድ እስትንፋስ ሁለት ብትር በባሕሩ ላይ ተያዩ፤
ከዚያ ቁልቁል ወርዳ ጠፋች።
አልጠበቀችኝም። እሽቅድድም ነው።

ቪክቶሪያ፣ ክሎቨር ፖይንት። ሠላሳ አንደኛ ገባሁ።
ጠጠሩ ላይ ስረግጥ ምድር እየተነሳች ወረደች፣
ጉልበቴን ማመን አቃተኝ።
ዊኒፍሬድ ግንድ ላይ ተቀምጣ
ኮምጣጤ የጠጣ የድንች ጥብስ ከወረቀት ትበላለች።

«ውስጡን ለምን ሄድክ?»
«አጭር ስለሆነ።»

አንድ ድንች አቀበለችኝ፤ ትኩስ፣ ከባሕሩ የባሰ ጨው።
«አጭር» አለች፣ ቀስ ብላ፣
እንደ ዓሣ አጥንት ከአፏ አውጥታ እያየችው።